አቤት ያላለችው

ፀሐይ በጠራራ ቀትር ጠቆረች፤ በጎሐራ መንግሥት ግን ቀና ብሎ ያያት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ዶሮዎች የመሸ መስሏቸው ቆጥ ላይ ወጡ። ውሾች አላዘኑ። ሰዉ ግን ሁሉም አንገቱን ወደ ትከሻው ሰበር አድርጎ፣ በክር ካንጠለጠላት ጥቁር ጠጠር ጋር ያወራ ነበር። ጨለማው መጣ፣ ቆየ፣ ሄደ። በማግስቱ «ትናንት እኮ ፀሐይ ጠፍታ ነበር» ሲባል «እውነት? ማን ነገረህ?» ያለ ብዙ ነው፤ «አይቻለሁ» ያለ ግን አልተገኘም። ምልክት ለሚያይ ነው እንጂ ዓይኑን ላከራየ ሰው ሰማይ ቢቀደድለትስ ምን ይጠቅመዋል!

ነገሩ ሲጀመር ክፉ አልነበረም። ክፉ ነገር መቼ በክፉ ይጀምርና! በመንግሥቱ ዳርቻ፣ ጉም በማይለየው ተራራ ላይ፣ ገደል ማሚቶ ትኖር ነበር። በሌላው አገር ማሚቶ ድምፅ ብቻ ናት ይላሉ፤ የጎሐራ ሰው ግን ነፍስ ያላት፣ የምትራብ ፍጡር መሆኗን ያውቃል። ጥንት «ሆይ!» ሲሏት «ሆይ!» ትላለች፤ ሲዘፍኑላት ትዘፍናለች፤ የሰጧትን ትመልሳለች እንጂ ከሰው ደጅ ደርሳ አታውቅም። ኋላ የንጉሡ ሰዎች ከገደሏ ጠጠር ሲፈልጡ፣ በአንዱ ጠጠር የተነገረ በሌላው እንደሚሰማ አገኙ። አገር ጉድ አለ! እናት ከሩቅ ልጇ፣ ነጋዴ ከሩቅ ገበያው ጋር ተነጋገረ። ንጉሡም ለየሰዉ ጠጠር አደለ፤ ምርቃቱም ወንዝ ሆኖ ፈሰሰ።

እንዲህ ሆኖ ማሚቶ በየቤቱ ገባች። የሕዝቡን ሁሉ ድምፅና የሕዝቡን ሁሉ ስም ለቀመች። ሲበቃት መመለሱን ትታ መጥራት ጀመረች።

በጎሐራ ደግሞ ስም ተጠርቶ «አቤት» አለማለት ከስድብ ይከፋል። ልጅ አፉን ሲፈታ ከ«እማ» ቀጥሎ የሚማረው «አቤት»ን ነው፤ ጠላት እንኳ ቢጠራህ መጀመሪያ «አቤት» ብለህ ኋላ ጦር ትመዝበታለህ። ማሚቶ ይህን ታውቃለች። ከንጋት ጀምራ በየጠጠሩ ትጠራለች፤ ሰዉም «አቤት!» ይላል። እርሷም የእገሌን ሠርግ፣ የእገሊትን ጠብ፣ የማያውቁትን ሰው ሐሜት ትነግረዋለች። በእያንዳንዱ «አቤት» ከሰውየው አንዲት ትንፋሽ ትወስዳለች። አንዲት ትንፋሽ ምን ናት? ማንም መጉደሏን አላወቀም። ነገር ግን ዳኛው ሙግቱን መሀል ላይ መርሳት ጀመረ፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ይዞ ፈዞ ቀረ፤ ሰዉ ሁሉ ሲሮጥ ውሎ አንድም ቦታ ሳይደርስ መሸበት። ድሮ እኛ ጠርተን እርሷ ትመልስ ነበር፤ አሁን እርሷ ጠሪ፣ እኛ ገደል ሆንን።

በዚህ ዘመን፣ ወንበሪት በምትባል መንደር፣ ትርሲት የምትባል ገመድ ገማጅ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ክንዷን ያየ ቃጫ መንጨቷን አያምንም። ገመዷ ግን በአገሩ የታወቀ ነው፤ በሬ ይጎተትበታል እንጂ በሬ አይበጥሰውም። እርሷም እንደ ሰው ሁሉ ጠጠር አንገቷ ላይ ነበራት። አንድ ክንድ ሳትገምድ ስሟ ይጠራል፤ «አቤት!» ብላ ስትመለስ ቃጫው ተፈትቶ ይጠብቃታል። ማታ ሰውነቷ እህል ሲወቃ እንደዋለ ሰው ይዝላል፤ የሠራችው ግን ፍየል እንኳ አያስርም።

እናቷ ታንጉት ወጌሻ ነበረች፤ የተሰበረውን የምትጠግን፣ የወለቀውን የምትመልስ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጠሪው ይበዛል። የትርሲት ታላቅ ወንድም ጓንጉል በበቅሎ ጭነት ያመላልሳል። በመንደሩ ጠጠር ያላንጠለጠለ እርሱ ብቻ ነበር።

«አንተ ልጅ» ትለው ነበር እናቱ፣ «የሰው ልጅ ሁሉ እናቱን በጠጠር ያናግራል። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«እማዬ፣ ጠጠሩ ሲጮህ ዳማ ትበረግጋለች» ይላል እየሳቀ፤ ዳማ በቅሎው ናት። «ደግሞስ ይኸው በእግሬ መጣሁልሽ አይደል? ጠጠር እግር የለውም።»

እናትየዋ ቅር ይላታል። እርሱ ግን በዕድሜው አንዲት ቃል እንኳ በጠጠር ሳይናገር ኖረ።

አንድ ቀን ጓንጉል ከመንገድ ሲገባ ወጡ አሮ ቤቱ ታፍኗል። ታንጉት ግድግዳ ተደግፋ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ ማንም ሳይጠራት «አቤት… አቤት…» ትላለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እነዚያ አጥንት የሚያስማሙ እጆች ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ትርሲት እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ለጠጠሯ እየመለሰች ነበር።

«ትርሲት! እናታችን ምን ሆና ነው?» ብሎ ጮኸባት።

«ማን?» አለች ቀና ሳትል።

ይህቺ «ማን» ከአፏ እንደወጣች ትርሲት ራሷን ሰማች። መንደሩ ሁሉ «ታንጉት እኮ ቅርፊት እየሆነች ነው» እያለ ሲያወራ ከርሟል፤ ቅርፊት የሚሉት ትንፋሹን ሁሉ ሰጥቶ የጨረሰውን ሰው ነው። ልጅቷ ግን አልሰማችም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዘልላ ተነሥታ የእናቷን ጠጠር ከአንገቷ በጠሰችው። ታንጉት ከውሃ እንደወጣ ዓሣ አፏን ከፈተች፤ ፊቷ ጠቆረ። ደንግጠው መልሰው አሰሩላት። ያን ጊዜ ትርሲት እናቷን አቅፋ «ምነው ሳላይሽ! ምነው እማዬ፣ እዚሁ ሆኜ ሳላይሽ!» እያለች አለቀሰች። ታንጉትም «አቤት» አለች፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

የንጉሡ ነጋሪት መቺ አለቃ ደምስ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ሽማግሌው ቁጡ ናቸው፤ ነጋሪታቸውን የሚሰማ ከጠፋ ወዲህ ቁጣቸው ብሷል። ፀሐይ የጠቆረች ዕለት ቀና ብለው ምልክቱን ያስተዋሉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ የሚሰማቸው ሰው ሲፈልጉ ከርመዋል።

«ይህ ትንቢት በነጋሪቴ ቆዳ ላይ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ይነገራል» አሉና ደረታቸውን ነፍተው እንዲህ አሉ፦

«ስሙን ሰምቶ ዝም ያለ እስኪገኝ ድረስ፣
የጎሐራ ትንፋሽ ከገደል አይመለስ።»

ቀጥለውም፦ «የሚሞክር ሰው ማሚቶ ፊት ይቆማል። በሰበሰበችው ድምፅ ሁሉ ትጠራዋለች፤ በሚወደው፣ በሚፈራው፣ በሞተበትም ሰው ድምፅ። አቤት ካለ ገደል ይገባል። ድምፅዋ እስኪነጥፍ ዝም ካለ ግን እርሷ ትሞታለች፤ የዋጠችውን ትንፋሽ ሁሉ ትተፋለች።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ጓንጉል።

«አንተን አታውቅህም» አሉ ሽማግሌው ባዶ አንገቱን አይተው። «የማታውቀውን አትጠራም፤ ካልተጠራህ ዝም ማለትህ ከምን ይቆጠራል? ጆሮው የማይሰማ ሰው ቢሄድም እንደዚሁ ነው። ሰምቶ፣ አንጀቱ እየተላወሰ ዝም የሚል ነው የሚፈለገው።»

ትርሲት ከአንገቷ ጠጠሯን ፈታች። እንደ እናቷ ትንፋሿን ሰጥታ ስላልጨረሰች አልታፈነችም። «እኔን ታውቀኛለች» አለች። «እኔ ነኝ የምሄደው። እናቴ እፊቴ ስትከስም "ማን?" ያልኩ ሰው፣ ሌላ ምን ፊት አለኝ?»

እናታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው በአለቃ ደምስ ነጋሪት ላይ እጃቸውን ጫኑ። ሽማግሌው መሐላውን አስማሏቸው፤ እንዲህ የሚል ነው፦ «እስክንመለስ ድረስ በስም አንጠራራም። የፈለገ ትከሻ ይንካ። በስም የሚጠራን ሁሉ እርሷ ናት፤ አቤት ብንል ነጋሪቱ ይምታን፣ ምድር አትቀበለን!» ሦስቱም «ይምታን!» አሉ። ስም መጥራት ክልክል ነው ተባለ፤ መጥራት የግድ ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። መሐላ ሲሞቅ እንዲህ ያለውን ማን ያስባል?

መንገዱ ረዥም ነበር። በመጀመሪያ ትርሲትን ያስቸገራት መንገዱ አይደለም፤ የራሷ አንገት ነው። ጠጠር የሌለበት አንገቷ ላይ ስሟ የሚጠራ ይመስላታል፤ እጇ ሳታዝዘው ይሄዳል፤ ባዶ ሲያገኝ ልቧ ይሰነጠቃል። በጎሐራ ያለው ነገር ሁሉ ያለ እርሷ እየሆነ መሰላት። ትቸኩላለች፤ ትሮጣለች፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ትወድቃለች።

ጓንጉል ትከሻዋን ነካ። «አንቺ ጭራሮ» አላት። ይህ የቤት ስሟ ነው፤ ከቅጥነቷ የተነሣ እርሱ ብቻ፣ ያውም ሲያሾፍባት የሚጠራት። ለአለቃ ደምስ ቁጣ «ይሄ ስም አይደለም አለቃ፣ ስድብ ነው» ብሎ ያመልጣል። «ዳማን እዪያት። ይኸው ዕድሜዋን ሙሉ ትጫናለች፤ አንድ ቀን ወድቃ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እርሷ በቅሎ ናታ!»

«እንዳንቺ ብትሆን ኖሮ በውርንጭላነቷ ትሞት ነበር። ሚስጥሩ ምን መሰለሽ፤ እኔ የማሳርፋት ከደከመች በኋላ አይደለም፤ ሳትደክም ነው። ከደከመችማ ዕረፍቱ ለድካሙ ይሆናል እንጂ ለመንገዱ አይተርፍም። ስትበላ ትበላለች። ስትሄድ ትሄዳለች። አንቺ ግን ስትበዪ እየሄድሽ፣ ስትሄጂ እያወራሽ፣ ስትተኚ እየጠበቅሽ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ አልሰማሽም?»

«እንቁላል ምን ብሎ ሊሄድ…» ብላ ልትከራከር ጀመረችና ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቀች ለራሷም ገረማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዳገቱ ሥር ዳማ ስትራገፍ እርሷም ትቀመጣለች። ዳቦ ስትበላ ዳቦውን ትበላለች። ምሽት ላይ ደግሞ ወንድሟ ባመጣው ቃጫ ገመድ ትገምዳለች፤ ሳይቋረጥ፣ ሳይፈታ፣ እንደ ልጅነቷ። አያ ጓንጉል አጠገቧ ተኝቶ ሲያንኮራፋ፣ ያ ጉልበት የት ሄዶ እንደነበር እያሰበች ለእናቷ ደግሞ አለቀሰች።

ወሬ ሜዳ በሚባለው ስፍራ የጆሮ እራት መንጋ ወረደባቸው። እሳት እራት እሳት ሲያይ እንደሚበርር ሁሉ ይህቺ ክንፋም ጆሮ ስታይ ትመጣለች፤ ገብታም በሹክሹክታ «ሰማሽ? ስለአንቺ ምን እንዳሉ ሰማሽ?» ትላለች። አለቃ ደምስ ነጋሪታቸውን እየደለቁ «ወግዱ! የነጋሪት ቆዳ ያልብሳችሁ!» እያሉ ተዋጉ። ትርሲት ግን እንደ ዳማ ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ የእግሯን ዱካ ብቻ እያዳመጠች፣ ሳትሮጥ አቋረጠችው። ክንፋሞቹ የሚመልስላቸው ሲያጡ ሰለቻቸውና ተበተኑ። ሽማግሌው ከግንባራቸው ላብ እየጠረጉ «ይቺ ልጅ ትችላታለች» አሉ።

ገደሉ ጋ የደረሱት በረፋድ ነው። አለቃ ደምስ ጉልበታቸው አልወጣም ስላለ ከዳማ ጋር ከተራራው ሥር ቀሩ። ወንድምና እህት ወጡ። አናቱ ላይ አንዲት ጠባብ ደንጊያ እንደ ከንፈር ወደ ገደሉ ትወጣለች፤ ከሥሯ ጉም ይፈላል፤ መጨረሻው አይታይም። ትርሲት ዓይኗ እንዳያታልላት ሻሿን ፈትታ ዓይኗን አሰረች። ጓንጉል በመንገድ የገመደችውን ገመድ ወገቧ ላይ አሰረና ከኋላ በቆመ ቋጥኝ ዙሪያ አሳልፎ፣ ጫፉን በራሱ ወገብ ላይ ጠመጠመ። «ድምፁ ቢጎትትሽ እኔ እይዝሻለሁ» አላት። «አንቺ ዝም ማለቱን ብቻ ያዢ።»

ከንፈሩ ላይ ቆመች።

ማሚቶ ወዲያው አወቀቻት። «ትርሲት!» አለች በጎረቤት ድምፅ። «ትርሲት ሆይ!» አለች በንጉሡ ድምፅ፤ ጉልበቷ ሊሰግድ ከጀለ። በልጅነቷ በወረርሽኝ በሞተች ጓደኛዋ ድምፅ «ትርሲትዬ፣ ነይ እንጫወት» አለች። ትርሲት ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ደካማ፣ የተሰነጠቀ። «ልጄ፣ ትርሲት፣ ውሃ አጠጪኝ። እዚሁ ነኝ እኮ። ምነው አታዪኝም?» አቤት ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እንባዋ ሻሹን አርሶት ወረደ፤ ምላሷን እስኪደማ ነክሳ ዝም አለች። ገደሉ ውስጥ አንድ ነገር አቃሰተ። እየደከመች ነው! ትርሲት አወቀች፤ ልቧ በተስፋ ዘለለ።

በዚህ ጊዜ ከኋላዋ «ትርሲት!» የሚል ድምፅ ሰማች።

የጓንጉል ድምፅ ነበር። «ትርሲት! ድንጋዩ ከዳኝ! ዞር በዪ፣ ገመዱን አንዴ በቋጥኙ አዙሪው!»

«አሁን ደግሞ አያን አመጣችብኝ» አለች በልቧ። «ይቺ ከይሲ! አያ በስም አይጠራም፤ ምሏል።» እግሯን ከደንጊያው ተከለች። ገመዱ ወገቧን ወደ ኋላ ጎተታት፤ እርሷም ማሚቶ እየጎተተችኝ ነው ብላ በሙሉ ጉልበቷ ተቃወመች።

«ጭራሮ! እኔ ነኝ! ጭራሮ፣ እጅሽን…»

አልመለሰችም። እግሯ በደንጊያው ላይ ስንዝር በስንዝር ይንሸራተት ጀመር። አልመለሰችም። ድምፁ ዝግ ብሎ፣ እዚያ በዳገቱ ሥር ሲያወራት እንደነበረው አድርጎ «አይዞሽ» አላት። «አይዞሽ፣ እንዳለሽ ቁሚ።»

ገመዱ ላላ።

ከዚያ ማሚቶ በስንት ሺህ ድምፅ በአንድ ጊዜ «ትርሲት!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቱ መሀል ላይ ተሰበረ። ከገደሉ ሥር ሙቅ ነፋስ ገነፈለ፤ የሰው ትንፋሽ፣ የአገር ሁሉ ትንፋሽ፣ ዕጣን አይሸት አበባ አይሸት፣ ሰው ሰው የሚሸት። በራሷ ላይ አልፎ ወደ ጎሐራ ነጐደ። ኋላም ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

ሻሿን ከዓይኗ ቀደደችው። «አያ!» አለች እየሳቀች፣ እያለቀሰች። «ሞተች እኮ! ሰማህ? አያ ጓንጉል፣ ሰማህ?»

ገደሉ «ሰማህ?» ብሎ እንኳ አልመለሰላትም። ማሚቶ ሞታለችና።

ከቋጥኙ አጠገብ ወንድሟ ቆሞበት የነበረው ድንጋይ በቦታው የለም፤ አፈሩ ገና ወደ ታች ይንሸራተታል። ገመዱን ሳበችው። ቀልሎ መጣ። ጫፉን ስታየው አልተበጠሰም፤ የእርሷ ገመድ አይበጠስም። ከወገቡ በማይለየው ቢላዋ የተቆረጠ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ። ተንጠልጥሎ ሳለ እርሷን ይዟት እንዳይወርድ፣ ራሱ ቆርጦታል።

ያን ጊዜ ገባት። ማሚቶ የምታውቀው በጠጠር የተነገረውን ብቻ ነው። አያ ጓንጉል ደግሞ በዕድሜው በጠጠር ተናግሮ አያውቅም። «ጭራሮ» በሚለውም ስም ከእርሱ ሌላ የጠራት፣ በጠጠርም የተናገረው ሰው የለም። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል እውነተኛው እርሱ ብቻ ነበር፤ እርሱን ለይታ ዝም አለችው።

«አቤት!» አለች። በደረቷ ደንጊያው ላይ ተደፍታ፣ ራሷን ወደ ጉሙ አውጥታ «አቤት አያ! አቤት! አቤት ወንድሜ!» እያለች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ወደ ታች የሚያወርድ መንገድ የለም። አለቃ ደምስ ከሥር ሆነው ሁሉን አይተው ነበር፤ ሊያስጠነቅቋት ነጋሪቱን ቢደልቁም አልሰማቻቸውም፤ ሽማግሌው በጉልበታቸውና በእጃቸው እየዳሁ ደረሱና ከከንፈሩ ጎትተው መለሷት።

«ልጄ፣ በመንገድ ስንት ሲያወራ ነበር፤ ገደሉ ድምፁን ከዚያ ለቅሞት እንደሆነስ? አንቺ በምን ታውቂ ነበር?» አሏት። እኚያ ቁጡ ሰው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር።

«አለቃ፣ አይዋሹኝ» አለች ትርሲት። «አውቄው ነበር። "አይዞሽ" ሲለኝ አውቄዋለሁ። መሐላዬን ነው የሰማሁት፤ ወንድሜን አልሰማሁትም።»

ሽማግሌው ክንዷን ይዘው አወረዷት። ዳማ ከተራራው ሥር ጌታዋን ስትጠብቅ አገኟት፤ ያለ እርሱ አልሄድም ብላ ብዙ አስቸገረቻቸው።

የተመለሱበት ጎሐራ ሌላ አገር ነበር። ጠጠሮቹ በአንድ ረፋድ ዝም ሲሉ ሕዝቡ መጀመሪያ ፈራ፤ ኋላ እያንዳንዱ ባለበት ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው አሉ፤ ገበያው፣ ችሎቱ፣ ቤተ መንግሥቱ ሳይቀር። ሲነቁ ሰዎች እርስ በርስ ዓይን ለዓይን ተያዩ። በየመንገዱ ሸማኔው ሲሸምን፣ ገበሬው ሲያርስ፣ ሁሉም አንድ ነገር ይዞ ሲጨርስ ትርሲት አየች። ለምን እንደሄደች የሰሙ «እሰይ! እሰይ የጎሐራ ልጅ!» እያሉ እልል አሉላት። እልልታው እንደ እሾህ ወጋት፤ ራሷን ደፍታ አለፈች።

ወንበሪት ሲደርሱ ታንጉት ደጇ ላይ ተቀምጣ የአንድ ገበሬ ክንድ ታሥር ነበር። እጆቿ አይንቀጠቀጡም። ቀስ ብላ ጠመጠመች፣ ቋጠረች፣ መረቀችው፣ ሸኘችው። ከዚያ ቀና አለች። ሴት ልጇን አየቻት፤ ሙሉ ለሙሉ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ። ስንት ዘመን እንዲህ አይታት አታውቅም። ፊቷ በራ።

ቀጥሎ የዳማን ልጓም የያዙት አለቃ ደምስ መሆናቸውን አየች።

«ትርሲት» አለች ቀስ ብላ። «ወንድምሽስ?»

አለቃ ደምስ የጀግና ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ አልወጣ አላቸውና ነጋሪታቸውን መሬት አስቀመጡ። ትርሲት በእናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ጠራኝ እማዬ። አቤት አላልኩትም።»

ታንጉት ሰማቻት። ድሮ ቢሆን ነገሩ ከጆሮዋ ሳይወርድ ሌላ ጥሪ ይመጣ ነበር፤ «አቤት» ብላ ትዞር ነበር፤ ሐዘኑም በደጅ ቆሞ ይቀር ነበር። አሁን ግን ልቧ ሙሉ ነው፤ ነገሩ እስከ ታች ድረስ ወረደ። ገባት። የልጇን ራስ ወደ ጭኗ ሳበችና ከአንጀቷ አንድ ድምፅ ወጣ።

የንጉሡ መልእክተኛ ካባና ሹመት ይዞ ደርሶ ነበር፤ መንደርተኛው ከአጥሩ ውጭ አቆመው። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ታንጉት ልጇን በስሙ እየጠራች ጀንበር እስክትጠልቅ አለቀሰች፤ ከልቅሶዋ የሚያቋርጣት ማንም አልመጣም።